ሚስትራስን ከመውጣት በፊት፦ የፈረሰች የቢዛንታይን ከተማ እንዴት ትነበባለች?

በደቡብ ግሪክ፣ ከዘመናዊቷ ስፓርታ ወደ ምዕራብ ስድስት ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ፣ የታይጌቶስ ተራራ ከሜዳው ድንገት ተነሥቶ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ከዋናው ተራራ ፈንጠር ብሎ የቆመ ሾጣጣ ኮረብታ አለ፤ ጫፉ ከባሕር ወለል 621 ሜትር ከፍ ይላል። የኮረብታው ፊት ከአናቱ እስከ ግርጌው በፈረሱ ቤቶች፣ በአብያተ ክርስቲያናት ጉልላትና በግንብ አጥር ተሸፍኗል። ይህች ከተማ ሚስትራስ ትባላለች። ከ1989 ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍራለች።

ብዙ ሰው ወደዚያ አካባቢ የሚሄደው ስለ ጥንታዊቷ ስፓርታ ብሎ ነው። ሚስትራስን በመንገዱ ላይ ያገኛታል፤ ዳገቱን ወጥቶ፣ ግድግዳ ከግድግዳ መለየት ተስኖት፣ ላቡን ጠርጎ ይመለሳል። ይህ የሚያሳዝን ነው፤ ምክንያቱም ታሪኳን በቅደም ተከተል ለሚያውቅ ሰው ሚስትራስ በግሪክ ምድር ካሉት የመካከለኛው ዘመን ቦታዎች ሁሉ እጅግ ብዙ የምትናገር ናት። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ለመሆኑ «ቢዛንታይን» የሚባሉት እነማን ናቸው?

የሮማ መንግሥት ምሥራቃዊ ክፍል ነው። ንጉሥ ቈስጠንጢኖስ በ330 ዋና ከተማውን ወደ ቍስጥንጥንያ፣ ማለትም ወደ ዛሬዋ ኢስታንቡል ካዛወረ በኋላ፣ ምዕራቡ ክፍል ሲወድቅ ምሥራቁ ሌላ አንድ ሺህ ዓመት ኖረ። ሕዝቡ ግሪክኛ ይናገር ነበር፤ ራሱን ግን ሮማዊ ነኝ ይል ነበር። ቢዛንታይን የሚለውን ስም የሰጡት መንግሥቱ ከጠፋ በኋላ የመጡ ጸሐፊዎች ናቸው።

የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ያነበበ ኢትዮጵያዊ ይህን መንግሥት ሳያውቀው ያውቀዋል። የኒቅያ (325)፣ የቍስጥንጥንያ (381) እና የኤፌሶን (431) ጉባኤያት የተካሄዱት በዚህ መንግሥት ምድር ነው። በኬልቄዶን ጉባኤ (451) ግን መንገዱ ተለያየ፤ የግብፅና የኢትዮጵያ አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤውን ሳይቀበሉት ሲቀሩ የቍስጥንጥንያ ቤተ ክርስቲያን ተቀበለችው። በሚስትራስ የምናያቸው አብያተ ክርስቲያናት የዚያች የምሥራቅ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ናቸው።

ከተማዋን የቆረቆሯት ግን ቢዛንታይኖች አይደሉም?

አይደሉም። ብዙ ጎብኚ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አምባውን የሠራው ፈረንሳዊ ልዑል ነው።

በ1204 ኢየሩሳሌምን ነጻ እናወጣለን ብለው ከምዕራብ አውሮፓ የተነሡት የአራተኛው የመስቀል ጦርነት ዘማቾች መንገዳቸውን ቀይረው ቍስጥንጥንያን ወረሩ፤ ዘረፏት፤ ግዛቷንም ተከፋፈሉት። ፔሎፖኔዝ የሚባለው የግሪክ ደቡባዊ ክፍል ለፈረንሳውያን ባላባቶች ደረሰ። እነርሱም የአካይያ ልዑልነት የሚባል መንግሥት አቆሙ። ከልዑላኑ አንዱ የሆነው ጊዮም ደ ቪልሃርዱዋን በ1249 በዚህ ኮረብታ አናት ላይ ምሽግ ገነባ። ፊት ለፊቱ የዩሮታስ ወንዝ ሜዳ፣ ከጀርባው በታይጌቶስ ውስጥ የሚኖሩ ለማንም የማይገዙ ተራራማ ሕዝቦች ነበሩ፤ ምሽጉ ሁለቱንም እንዲጠብቅለት ነበር ሐሳቡ።

ምሽጉን ብዙም ሳይደሰትበት አጣው። በ1259 በፔላጎንያ በተደረገ ጦርነት ጊዮም ተማረከ። የማረከው መንግሥት ከቍስጥንጥንያ የተባረሩት ቢዛንታይኖች በኒቅያ ያቆሙት ነው፤ በ1261 ንጉሠ ነገሥቱ ሚካኤል 8ኛ ጳላዮሎጎስ ቍስጥንጥንያን መልሶ ያዘ። ለጊዮም ነጻነት ቤዛ የጠየቀው ገንዘብ ሳይሆን ምሽጎችን ነበር፤ ሚስትራስ፣ ሞነምቫሲያና ማይና።

ጉዳዩን ለመወሰን ኒክሊ በተባለ ቦታ ጉባኤ ተጠራ። ከባላባቶቹ የሚበዙት ወይ ሞተዋል፣ ወይ ከልዑሉ ጋር ታስረዋል። ስለዚህ በጉባኤው የተቀመጡት በአብዛኛው ሚስቶቻቸውና መበለቶቻቸው ነበሩ። የአቴንስ መስፍን ምሽጎቹ ለጠላት ከተሰጡ አገሩ እንደሚጠፋ አስጠንቅቆ ተቃወመ። ሴቶቹ ግን ልዑሉንና ባሎቻቸውን መረጡ። መስፍኑ የፈራው አልቀረም፤ በ1262 ሚስትራስን የተረከቡት ቢዛንታይኖች ከዚያች ኮረብታ ተነሥተው በሁለት መቶ ዓመት ውስጥ ፔሎፖኔዝን ከሞላ ጎደል በሙሉ መልሰው ያዙት።

ሰው ለም ሜዳ እያለለት ለምን በገደል ላይ ሰፈረ?

ሜዳው ለም ቢሆንም መከላከያ አልነበረውም። ፈረንሳውያኑ ከርስታቸው ገና ስላልለቀቁ ጦርነቱ በየዓመቱ በእርሻው መካከል ያልፍ ነበር። በሜዳው ላይ የነበረችው ከተማ ላኬዴሞን፣ ማለትም የመካከለኛው ዘመን ስፓርታ፣ ነዋሪዎቿ ጥለዋት ወደ ምሽጉ ጥላ ወጡ። ኋላም ጳጳሱ ተከተላቸው። ቤት በቤት ላይ ተደራርቦ ኮረብታው ሞላ።

ከዚህ የተነሣ ከተማዋ ከላይ ወደ ታች ትነበባለች። በአናቱ የጊዮም ምሽግ አለ፤ ኋላ ቢዛንታይኖችና ቱርኮች እየጠገኑት ተጠቅመውበታል። ከእርሱ በታች በመጀመሪያው ቅጥር ውስጥ ላይኛው ከተማ ይገኛል፤ ቤተ መንግሥቱ፣ የቤተ መንግሥቱ ቤተ ክርስቲያንና የመኳንንቱ ቤቶች ያሉት እዚያ ነው። ሰዉ ሲበዛ ሁለተኛ ቅጥር ተሠርቶ ታችኛው ከተማ ተከለለ፤ መንበረ ጵጵስናውና ታላላቆቹ ገዳማት እዚህ ናቸው። ከሁለቱም ቅጥር ውጭ ደግሞ ቦታ ያጣው ሰው ሰፈረ። አንድ ሰው ቤቱ ኮረብታው ላይ የቱ ጋ እንደነበረ ካወቅን፣ በከተማዋ የነበረውን ደረጃ ለመገመት ብዙ አንቸገርም።

መንገዶቹን ልብ ብሎ የሚያይ ሰው ጋሪ የሚያልፍበት አንድም አያገኝም። ሁሉም ጠባብ፣ ጠማማና ደረጃማ ናቸው፤ ዕቃ የሚጓጓዘው በሰው ትከሻና በበቅሎ ጀርባ ነበር። በአንዳንድ ቦታ መንገዱ በቤት ሥር በቅስት ያልፋል፤ ቦታ በመጥበቡ ሰዎቹ ክፍላቸውን ከመንገዱ በላይ ቀጥለው ሠርተውታልና። ቤቶቹም ተዳፋቱን የተከተሉ ናቸው። ምድር ቤቱ በድንጋይ ቅስት የተሸፈነ ሆኖ ለእህል፣ ለዘይትና ለእንስሳት ያገለግል ነበር፤ ቤተሰቡ የሚኖረው መስኮቱ ወደ ሜዳው በሚያይ በላይኛው ሰፊ ክፍል ነው። ሰፋ ያለ አደባባይ ያለው ከቤተ መንግሥቱ ፊት ለፊት ብቻ ነው። ለሕዝብ መሰብሰቢያ የተተወ ሌላ ሜዳ በከተማዋ የለም።

«ደስፖት» ምን ዓይነት ሹም ነበር?

ከንጉሠ ነገሥቱ ቀጥሎ ያለው ከፍተኛ ማዕረግ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ለንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ወይም ወንድም ነበር። ከ1349 ጀምሮ ሚስትራስ የሞሪያ ደስፖቶች መቀመጫ ሆነች። ሞሪያ የፔሎፖኔዝ የዚያ ዘመን ስም ነው። የመጀመሪያው ደስፖት የንጉሠ ነገሥት ዮሐንስ 6ኛ ካንታኩዜኖስ ልጅ ማኑኤል ሲሆን ሠላሳ ዓመት ያህል ገዝቷል። ከ1380ዎቹ ጀምሮ ሥልጣኑ ወደ ጳላዮሎጎስ ቤተሰብ ዞረ።

የመጨረሻው ንጉሠ ነገሥት የተነሣውም ከዚህ ነው። ቈስጠንጢኖስ ጳላዮሎጎስ በሚስትራስ ደስፖት ሳለ ወንድሙ ዮሐንስ 8ኛ በቍስጥንጥንያ ሞተ። መልእክተኞች ዘውዱን ይዘው መጡ፤ ጥር 6 ቀን 1449 ቈስጠንጢኖስ በዚህች የተራራ ከተማ ንጉሠ ነገሥት ተባለ። ወደ ዋናው ከተማ ሄዶ ከአራት ዓመት በኋላ፣ ግንቦት 29 ቀን 1453፣ ቍስጥንጥንያ በኦቶማን ቱርኮች እጅ ስትወድቅ በውጊያው ላይ ሞተ። በመንበረ ጵጵስናው በቅዱስ ዲሜጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ወለል ላይ ባለ ሁለት ራስ ንስር የተቀረጸበት የእምነ በረድ ሰሌዳ አለ። ቈስጠንጢኖስ ንጉሥ የተባለው በዚያ ላይ ቆሞ ነው የሚለው የአካባቢው ትውፊት ነው፤ የታሪክ ጸሐፊዎች ቦታውን በእርግጠኝነት አይቀበሉትም። ዕለቱና ከተማዋ ግን የተረጋገጡ ናቸው።

መንግሥቱ እየሞተ ሳለ ከተማዋ እንዴት አበበች?

የሚስትራስ ዋና ጥያቄ ይህ ነው። በ14ኛውና በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የቢዛንታይን መንግሥት በእርስ በርስ ጦርነትና በቱርኮች ግፊት ከዓመት ዓመት እየጠበበ ነበር። ቍስጥንጥንያ ራሷ ሰዋ አልቆ በቅጥሯ ውስጥ እርሻ ይታረስባት ጀምሮ ነበር። በዚያው ዘመን ግን በሚስትራስ አብያተ ክርስቲያናት ይታነጹ፣ ሥዕሎች ይሣሉ፣ መጻሕፍት ይገለበጡ ነበር።

አንደኛው ምክንያት መሬቱ ነው። የዩሮታስ ሸለቆ እህል፣ የወይራ ዘይትና ሐር ይሰጣል፤ ገቢውም ወደ ሩቅ ዋና ከተማ ከመሄድ ይልቅ እዚያው ይቀር ነበር። ሁለተኛው የቤተ መንግሥቱ መኖር ነው። የንጉሥ ልጅ ሲመጣ ሠዓሊውን፣ ጸሐፊውንና ሐኪሙን ይዞ ይመጣል። ሌላው ቀርቶ ጦርነቱ ራሱ አስተዋጽኦ ነበረው፤ ከሌላው የግዛቱ ክፍል የሸሸ የተማረ ሰው ሁሉ መጠጊያ የሚያገኘው እዚህ ሆነ። ከጣሊያን መሳፍንት ጋር የተደረገው ጋብቻም በር ከፈተ።

ከእነዚህ ምሁራን ሁሉ ስሙ የገነነው ጌሚስጦስ ፕሌቶን ነው። አብዛኛውን ዕድሜውን በሚስትራስ ያሳለፈ ፈላስፋና ዳኛ ነበር። ፔሎፖኔዝ በቅጥረኛ ወታደር ሳይሆን በአገሩ ልጆች እንድትጠበቅ፣ የመሬት ሥሪቷም እንዲለወጥ ለገዢዎቹ ማሻሻያ ጽፎ አቅርቧል። በ1438 እና 1439 የሮማና የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናትን ለማስታረቅ በፌራራና በፍሎረንስ በተካሄደው ጉባኤ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ሄዶ ለፍሎረንስ ሰዎች ስለ ጥንታዊው ግሪካዊ ፈላስፋ ስለ አፍላጦን (ፕላቶ) አስተምሯል። ምዕራቡ ዓለም ለዘመናት የአፍላጦንን መጻሕፍት በጥቂቱ ብቻ ነበር የሚያውቀው፤ ፕሌቶን ያነሣው ስሜት በፍሎረንስ አልጠፋም። ኋላ ግን የቀድሞዎቹን የግሪክ አማልክት የሚያወድስ መጽሐፍ መጻፉ ታወቀና ከሞተ በኋላ ፓትርያርኩ መጽሐፉን አቃጠሉት።

ይህ ጉባኤ እኛንም ይነካል። ግሪኮቹ ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ በ1441፣ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ በኢየሩሳሌም ከነበረው የኢትዮጵያውያን ማኅበር የተላኩ መነኮሳት ወደዚያው ወደ ፍሎረንስ ጉባኤ ደርሰው በሮማው ሊቀ ጳጳሳት (ፓፓ) በኤውጀንዮስ 4ኛ ፊት ቀርበዋል። ፕሌቶን ያስተማረባትን ከተማ እነርሱም በሁለት ዓመት ልዩነት ረግጠዋታል።

በአብያተ ክርስቲያናቱ ውስጥ ምን እንይ?

ሁሉንም በአንድ ቀን በደንብ ማየት አይቻልም። አራቱን ረጋ ብሎ ማየት ሁሉንም ሮጦ ከማየት ይሻላል።

በቅዱስ ዲሜጥሮስ እንጀምር። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሲታነጽ ጣሪያው ተራ፣ ቅርጹ ሞላላ ነበር። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማቴዎስ የተባለ ጳጳስ ላይኛውን ክፍል አፍርሶ በጉልላት ተካው። ቀና ብለው ግድግዳውን ቢያዩ ውጤቱን በዓይንዎ ያገኙታል፤ በመካከለኛው ክፍል ላይ የነበሩት የቀድሞ ሥዕሎች በአዲሱ ግንባታ ከላያቸው ተቆርጠዋል። ጳጳሱ ጉልላት ለማግኘት ሲል የቅዱሳኑን ሥዕል አጥቷል።

ለምን ይህን ያህል ጉልላት እንደፈለገ የሚገባን ወደ ሆዴጌትሪያ ስንሄድ ነው። ይህች የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን የብሮንቶኺዮን ገዳም አካል ስትሆን የታነጸችው በ1310 ገደማ ነው። ሐናጺዎቹ ሁለት ዓይነት ሕንጻ በአንድ ላይ አዋሕደዋል። ታች ሲቆሙ በዓምድ የተከፈለ ባለ ሦስት ክፍል ሞላላ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ላይ ሲያዩ ደግሞ አምስት ጉልላት የተሸከመ የመስቀል ቅርጽ ነው። በሚስትራስ የተወደደው ይህ አሠራር ነው፤ ጳጳሱ ማቴዎስም የቀዳው እርሱን ነው።

እዚያው ሆዴጌትሪያ ውስጥ አንዲት ትንሽ የጎን ክፍል አለች፤ ክፍት ሆና ከተገኘች አትለፏት። ግድግዳዋ ከላይ እስከ ታች በጽሕፈት ተሞልቷል። ጽሕፈቱ ጸሎት ወይም ጥቅስ አይደለም፤ ንጉሠ ነገሥቱ በወርቅ ማኅተም አጽድቆ ለገዳሙ የሰጣቸው የመሬትና የመብት ሰነዶች ግልባጭ ነው። በጣሪያው መላእክት የክርስቶስን ክብር ተሸክመዋል፤ ሰነዱም ከዚያ እንደ ጥቅልል ወርዶ ግድግዳውን ይሸፍናል። በእኛ አገር ገዳማት የጉልት ስጦታን በወንጌል መጽሐፍ ኅዳግ ላይ ያስጽፉ እንደነበረ ሁሉ፣ እነዚህም መሬታቸውን ማንም በማይደፍረው ቦታ ላይ አስመዘገቡት። ብራና ይጠፋል፣ ይቃጠላል፤ ከግድግዳ ላይ ግን መስክ መፋቅ ቀላል አይደለም።

ጴሪብሌጵቶስ ከአለት ጋር ተጣብቃ የተሠራች ናት፤ ከፊሏ ወደ ዋሻ ይገባል። የ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ሥዕሎቿ ከሚስትራስ ሁሉ በተሻለ ተጠብቀዋል። መሥዋዕቱ በሚዘጋጅበት ክፍል መላእክት ነጭ ልብስ ለብሰው ንዋያተ ቅድሳቱን ተሸክመው በሰልፍ ይሄዳሉ። ቅዳሴ የሚያውቅ ሰው ሥዕሉን ለመረዳት አስተርጓሚ አያሻውም። ልብሳቸው ሲታጠፍ፣ እግራቸው ሲራመድ ይታያል፤ በቀድሞው የቢዛንታይን ሥዕል ፊት ለፊት ዐይቶ የቆመው ቅዱስ እዚህ መንቀሳቀስ ጀምሯል።

አራተኛዋ ጳንታናሳ ናት፤ በ1428 የደስፖቱ ታላቅ ሹም ዮሐንስ ፍራንጎፑሎስ አሠራት። በደወል ግንቧ ላይ የሾሉ የምዕራባውያን ቅስቶች ይታያሉ፤ ፈረንሳውያኑ ከሄዱ ከመቶ ዓመት በላይ ቢያልፍም እጃቸው ቀርቷል። ውስጧ ደግሞ የሆሳዕና ሥዕል አለ፤ ሕዝቡ ከተሰበሰበበት መካከል ልጆች ይሯሯጣሉ።

ጳንታናሳ ዛሬም የሴቶች ገዳም ናት። በፈረሰችው ከተማ ውስጥ የሚኖሩት ብቸኛ ሰዎች መነኮሳይያቱ ናቸው።

ታዲያ ማን አፈረሳት?

አንድ ጠላት በአንድ ቀን አላፈረሳትም። ቍስጥንጥንያ ከወደቀች በኋላ ሚስትራስ ሰባት ዓመት ቆይታለች። ደስፖቶቹ ዲሜጥሮስና ቶማስ፣ የሟቹ ንጉሠ ነገሥት ወንድሞች፣ ያንን ጊዜ እርስ በርስ ሲዋጉበት አሳለፉት። በግንቦት 1460 ሱልጣን መሕመድ 2ኛ ሲመጣ ዲሜጥሮስ ከተማዋን ያለ ውጊያ አስረከበ። ቶማስ ወደ ሮማ ሸሸ፤ ልጁ ሶፍያ በ1472 የሞስኮውን ገዢ ኢቫን 3ኛን አገባች።

በቱርኮች ዘመን ከተማዋ በሐር ንግድ ኖረች፤ ከ1687 እስከ 1715 ቬኔሳውያን ገዟት። ከባዱ ጥፋት የመጣው በ1770 ግሪኮች በሩሲያ ድጋፍ ባመፁ ጊዜ ነው፤ አመፁን ለማፈን የገቡት የአልባንያ ወታደሮች ከተማዋን ዘረፉ፣ አቃጠሉ። በግሪክ የነጻነት ጦርነት በ1825 የግብፁ ኢብራሂም ፓሻ ጦር የቀረውን አነደደው። ከዚያም በ1834 የአዲሲቱ ግሪክ ንጉሥ ኦቶ በሜዳው ላይ ስፓርታ እንደገና እንድትቆረቆር አዘዘ። ከስድስት መቶ ዓመት በፊት ከሜዳ ወደ ተራራ የወጣው ሕዝብ ከተራራ ወደ ሜዳ ተመልሶ ወረደ። የመጨረሻዎቹ ቤተሰቦች የለቀቁት በ1950ዎቹ ነው።

ለጉዞው ምን ይበጃል?

ከአቴንስ እስከ ስፓርታ በመኪና ሦስት ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ አውቶቡስም አለ። ከስፓርታ በአካባቢ አውቶቡስ ወይም በታክሲ ይኬዳል።

ቦታው ሁለት መግቢያ አለው፤ አንዱ በታችኛው ከተማ፣ ሌላው በላይኛው በኩል። እኔ የምመክረው ታክሲ ይዞ ወደ ላይኛው በር መሄድ ነው። መጀመሪያ ምሽጉን መውጣት፣ ከዚያ ቤተ መንግሥቱን፣ ጳንታናሳን፣ ጴሪብሌጵቶስን እያዩ ቁልቁል ወርዶ በመንበረ ጵጵስናው አጠገብ በታችኛው በር መውጣት ይቻላል። የራሱን መኪና ላይ ያቆመ ሰው ግን ያን ሁሉ ዳገት መልሶ ይወጣል። ከአረጋውያን ወይም ከሕፃናት ጋር የመጣ ሰው ምሽጉን ትቶ በታችኛው ከተማ ቢወሰን ምንም አይጎድልበትም፤ ከሥዕሎቹ የሚበልጡት የሚገኙት እዚያ ነው።

ድንጋዩ በብዙ እግር ተረግጦ ለስልሷል፤ የማያንሸራትት ጫማ ያስፈልጋል። ውኃ ይዞ መግባት ግድ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ሙቀቱ ይከብዳል፣ ጥላም የለም፤ በሚያዝያና በግንቦት ግን ኮረብታው በአበባ ይሞላል፣ ከ2,400 ሜትር በላይ በሆነው በታይጌቶስ አናት ላይም በረዶ ሊታይ ይችላል። ገዳሙ ውስጥ ትከሻና እግር የሚሸፍን ልብስ ይጠበቃል። በሥዕሎቹ ፊት ብልጭታ ያለው ፎቶ ማንሳት ቀለሙን ስለሚጎዳ ማንም ባይከለክል እንኳ መተው ተገቢ ነው።

አንድ ቀን ትርፍ ያለው ሰው ወደ ደቡብ ምሥራቅ ወርዶ ሞነምቫሲያን ይመልከት። ከጊዮም ቤዛ ምሽጎች አንዷ ናት፤ በባሕር ውስጥ በቆመ ግዙፍ አለት ላይ የተሠራች ስትሆን፣ ከሚስትራስ በተለየ ሰው ዛሬም ይኖርባታል፤ በቅጥሯ ውስጥ ቤት ተከራይቶ ማደርም ይቻላል።